እስቲ ሰካው!

አሮጌ ሬዲዮ ያየ ሰው ሁሉ አፉ ላይ የሚመጣለት አንድ ነገር ነው፦ «እስቲ ሰካው!»

ዶክተሩም ይላል፤ ሾፌሩም ይላል፤ ቄሱም መስቀላቸውን አሳልመው ሲያበቁ ይላሉ። ሬዲዮው ሠላሳ ዓመት ቆጥ ላይ ተጥሎ አቧራ ሲለብስ ዞር ብሎ ያየው የለም። ወርዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕለት ግን አገር ምድሩ ይጣደፍለታል። ሠላሳ ዓመት የታገሠ ሕዝብ ሠላሳ ደቂቃ መታገሥ ያቅተዋል።

ካምፓላ፣ ካባላጋላ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት ሰፈር፣ አንዱ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሬዲዮ አለ። ግሩንዲግ ነው። የእንጨት ሣጥን፣ ፊቱ ላይ ወርቅማ ጨርቅ፣ ከሥሩ የተደረደሩ ነጫጭ መጫኛዎች፣ ከላይ ደግሞ ሲበራ አረንጓዴ የምትሆን አንዲት ዓይን። የቤቱ ባለቤት እትዬ ከጀበናውና ከረከቦቱ ጎን ለጌጥ አስቀምጠውታል። ከየት እንዳገኙት ሲጠየቁ «ከህንድ ቤት የወጣ ነው» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም።

እውነት ከሆነ ይህ ሬዲዮ ብዙ ሰምቷል። በጥር 1971 እ.ኤ.አ. የኢዲ አሚን መፈንቅለ መንግሥት የታወጀው በሬዲዮ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ አሚን እስያውያኑን በ90 ቀን ውስጥ አገር ልቀቁ አላቸው። ምናልባት ሬዲዮው የገዛ ባለቤቶቹን መባረር ነግሯቸው ይሆናል ዝም ያለው። ከዚያ ወዲያ ምን ዜና አለ?

እሱ ዝም ቢልም የሚተወው የለም። ቡና ሲፈላ አንዱ ደንበኛ ይነሣና ጀርባውን አይቶ ገመዱን ይመዛል። የኡጋንዳ ሶኬት የእንግሊዞች ነው፤ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ አለው። የሬዲዮው ስፒና ሁለት ክብ እግር ነው። ይህ ማንንም አያቆምም። እስክሪቢቶ ከኪስ ይወጣል፤ የላይኛው ቀዳዳ ወጋ ይደረጋል፤ የታችኞቹ መዝጊያዎች ይከፈታሉ፤ ስፒናው ሊገባ ነው። እንግሊዝ ሕፃናት እንዳይሞቱ ብሎ የሠራውን መዝጊያ አዋቂው በእስክሪቢቶ ይከፍተዋል።

እትዬ ከምድጃው ሆነው ይጮኻሉ፦ «ተው! ያ ሰውዬ እስኪመጣ አይነካም!»

ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ይህ ማዕረግ የተሰጠኝ ሬዲዮ በመጠገን ታውቄ አይደለም። «አትሰኩ» እያልኩ በመለፍለፌ ብቻ ነው።

ሐበሻ በሬዲዮ ፊት ትዕግሥት ለምን እንደሚያጣ ምክንያቱ አይጠፋኝም። በየቤታችን ሬዲዮ ዳንቴል ለብሶ ከአባት ወንበር አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ዜና ሲጀምር ሕፃን አያለቅስም፤ ሳህን አይንኳኳም። በ1963 እ.ኤ.አ. ብሥራተ ወንጌል አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት፣ በ1965 ደግሞ የጀርመን ድምፅ በአማርኛ መናገር ሲጀምር የአባቶቻችን ጆሮ እዚያው ተተክሎ ቀረ። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን መውረዳቸውን ሕዝቡ በሬዲዮ ሰማ። ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው መሄዳቸውንም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. እንዲሁ በሬዲዮ ሰማ። እዚህ ኡጋንዳም ያው ነው፤ መንግሥት መቀየሩ የሚታወቀው ሬዲዮው ባልተለመደ ሰዓት የሰልፍ ሙዚቃ ሲያሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ዝም ብሎ ሲያዩት «ኧረ ምን ተባለ?» ማለት ያስቸኩላል።

ችግሩ፣ ሬዲዮው ይህን ሁሉ ናፍቆት በአንድ ጊዜ የሚችልበት አቅም የለውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ትራንዚስተር የተፈለሰፈው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሬዲዮ፣ ሪጀንሲ ቲአር-1፣ የወጣው በ1954 ነው። የእትዬ ግሩንዲግ ከዚያ ዓለም አይደለም። የሚሠራው በቫልቭ ነው፤ ውስጡ ሽቦ ግሎ በሚቀላ የብርጭቆ አምፖል። ቫልቭ እስኪግል ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጤነኛው እንኳ ንግግሩን የሚጀምረው «ትንሽ ታገሡኝ» ብሎ ነው።

ቫልቭ 250 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ይህን የሚያጣሩለት ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት ካፓሲተሮች ናቸው፤ የድሮ ባለሙያዎቻችን ኮንደንሰር ይሏቸዋል። ውስጣቸው በአልሙኒየም ላይ ያረፈ በጣም ስስ ሽፋንና እርጥብ ኬሚካል አለ። ለዓመታት ሥራ ሲፈቱ ሽፋኑ ይሳሳል፤ እርጥቡ ይደርቃል። ድንገት የካምፓላ 240 ቮልት ሲለቀቅባቸው ያፈሳሉ፣ ይግላሉ፣ ሲብስም ይፈነዳሉ። በሰም የተነከሩት የወረቀት ካፓሲተሮች ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ እርጥበት ሲጠጡ ነው የኖሩት፤ የቪክቶሪያ ሐይቅ ጎረቤት የሆነ ከተማ ደግሞ እርጥበት አይሰስትም።

ከሁሉ የሚያናድደው ሒሳቡ ነው። የሚፈነዳው ካፓሲተር ከአንድ ሳህን ሽሮ ያነሰ ዋጋ አለው። ሲሞት ግን ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል፤ ለዚያ ሬዲዮ ተብሎ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ደግሞ ዛሬ በየሱቁ አይሸጥም። በብዙ ግሩንዲጎች ውስጥ በዚህ ላይ ኤሌክትሪኩን ቀጥተኛ የሚያደርግ፣ ሴሌኒየም የሚባል ሬክቲፋየር አለ። እሱ ሲቃጠል ጭሱ መርዛማ ነው፤ ሽታው ደግሞ የእትዬን ዶሮ ወጥ እንኳ ያሸንፋል። ደንበኛ የሚመለስ አይመስለኝም።

አንዳንዱ አሮጌ ሬዲዮ ጀርባው ላይ የቮልት መምረጫ አለው፦ 110፣ 127፣ 220። የቀድሞው ባለቤት የት አገር ሆኖ ምን ላይ እንደተወው የሚያውቅ የለም። ሰኪው ግን አያይም። እስክሪቢቶውን እንደያዘ ነው።

ስለዚህ የጀማሪ የመጀመሪያ መሣሪያ መበየጃ አይደለም፤ ካቻቪቴም አይደለም። አንድ አምፖል ነው። ያ የድሮው፣ ውስጡ ሽቦ ያለው፣ የሚግለው፣ ቆጣሪ የሚያስሮጠው፣ 60 ወይም 100 ዋት። አምፖሉ በአንዱ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ከሬዲዮው ጋር ተከታትሎ ይገጠማል፤ ኤሌክትሪኩ ሬዲዮው ዘንድ ለመድረስ በአምፖሉ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ሬዲዮው ውስጥ የተነካካ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ቮልቱን እሱ ይወስደዋል፤ ሬዲዮው ይተርፋል። ሬዲዮው ደህና ከሆነ አምፖሉ ለአፍታ ደመቅ ይልና ይደበዝዛል። በሁለት ጠበኞች መሐል እንደሚገባ ሽማግሌ ነው፤ ቁጣውን እሱ ይቀበላል።

ይህን ሽማግሌ ፍለጋ ኪኩቦ ወረድኩ።

ኪኩቦ መሐል ካምፓላ ውስጥ፣ ከታክሲ መናኸሪያዎቹ አጠገብ ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። መርካቶን የለመደ ሰው እንኳ እዚህ ሲገባ ትከሻውን ይሰበስባል። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ዘይቱ፣ ብስኩቱ፣ ፕላስቲኩ፣ ባትሪ ድንጋዩ በካርቶን ተቆልሎ ከግራና ከቀኝ ይገፋል። ተሸካሚው ከራሱ የሚከብድ ጭነት በራሱ ላይ አድርጎ ይመጣል፤ ግድግዳ ላይ ያልተለጠፈ ጥፋቱ የራሱ ነው። ከደቡብ ሱዳን፣ ከኮንጎ፣ ከሩዋንዳ የሚመጣ ነጋዴ ሱቁን የሚሞላው ከዚህ ነው። ኪኩቦ የጅምላ አገር ነው። እዚህ «አንድ» የሚባል ቁጥር የሚታወቀው ከካርቶን ጋር ብቻ ነው።

«አምፖል አለ?» አልኩት አንዱን።

«አለ፣ ቦስ። ስንት?»

«አንድ።»

«አንድ ካርቶን።»

«አይደለም፤ አንድ አምፖል።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። የጤና መሆኔን ለማረጋገጥ ይመስላል። ከዚያ እጁን ሰድዶ ኤልኢዲ አወጣ። «ይሄ ዘጠኝ ዋት ነው። ኤሌክትሪክ አይበላም።»

«እኔ የሚበላውን ነው የምፈልገው።»

«የሚበላውን?»

«አዎ። ብዙ የሚበላውን።»

ለጎረቤቱ በሉጋንዳ አንድ ነገር አለው። ሁለቱም ሳቁ፤ ተሸካሚው ጭነቱን ሳያወርድ ሳቀ። ዓለም ሁሉ የመብራት ሒሳብ ለመቀነስ በሚሯሯጥበት ዘመን አንድ ሐበሻ ኪኩቦ መሐል ቆሞ ኤሌክትሪክ የሚያባክን አምፖል ይለምናል። ኤልኢዲ ለዚህ ሥራ እንደማይሆን፣ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ የራሱን ሕግ እንደሚከተል፣ የምፈልገው የሚግል ተራ ሽቦ መሆኑን ልነግረው አሰብኩ። ከኋላዬ ግን ጭነት እየመጣ ነበር።

መላውን የነገሩኝ ከመተላለፊያው አፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት ጃጃ ናቸው፤ እዚህ አያት የሆነን ሰው ሁሉ ጃጃ ይሉታል። «የሚግል አምፖል የሚፈልግ ጫጩት የሚያሳድግ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጫጩቶቹን በዚያ አምፖል የሚያሞቅ የኡጋንዳ ዶሮ አርቢ ብዙ ነው። ከሥር ካለው ሣጥን አንድ 100 ዋት አወጡልኝ።

«ስንት ጫጩት አለህ፣ ሴቦ?» ጌታው ማለታቸው ነው።

«አንድ ነው።»

«አንድ ብቻ? ገና ትንሽ ነው?»

«ስድሳ ዓመት ያልፈዋል።»

ጃጃ ገንዘባቸውን ሁለቴ ቆጠሩ።

ሁለተኛው መሣሪያ ቴስተር ነው፤ መልቲሜትር ከተባለም ያው ነው። ርካሹ ይበቃል። ሥራው ከመሰካት በፊት ነው የሚጀምረው፦ የትራንስፎርመሩ ሽቦ መቆረጥ አለመቆረጡን፣ ከስፒናው እግር ወደ ሬዲዮው ብረት የሚያፈስ ነገር መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ከተነቀለም በኋላ ያስፈልጋል። ካፓሲተር ስፒናው ከወጣ በኋላም ኤሌክትሪኩን ይዞ ይቆያል፤ «ነቅዬዋለሁ» ብሎ እጁን የሰደደ ሰው ሬዲዮው ያልረሳውን ዕዳ ይቀበላል። በሪዚስተር ቀስ አድርጎ ማስለቀቅ፣ ከዚያ በቴስተር ለክቶ ዜሮ መሆኑን ማየት ነው።

አንድ ልማድ ደግሞ ከድሮ ጠጋኞች የወረስነው አለ። ኤሌክትሪክ ያለበትን ሬዲዮ ሲለኩ ግራ እጅ ኪስ ውስጥ ይግባ። ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብ በኩል ነውና። እትዬ ይህን አይተው ለደንበኞቻቸው ያወሩት ግን እንዲህ ነው፦ «ይሄ ሰውዬ እጁን ኪሱ ከቶ ነው የሚሠራው፤ ለዚህም ምሳ ይጠብቃል።»

ለጀማሪ አንድ ነገር በጥብቅ ልንገር። ከመጀመራችሁ በፊት የቫልቮቹን ስም አንብቡ። በ«ኢ» የሚጀምሩ ከሆነ፣ ኢሲኤች81፣ ኢኤል84 እንደሚባሉት፣ ብዙውን ጊዜ ትራንስፎርመር አለ፤ ይሞከራል። በ«ዩ» የሚጀምሩ ከሆነ፣ ዩሲኤች81፣ ዩኤል84 እንደሚባሉት፣ የሬዲዮው ብረት ራሱ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር የተገናኘ ሊሆን ይችላል። እሱን ለሚያውቅ ተዉት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

መበየጃ 40 ዋት ይበቃል። እርሳሱ መሐሉ ላይ ሙጫ ያለበት የኤሌክትሮኒክስ ይሁን። ካትዌ ሰፈር ያሉ ቆርቆሮ ሠራተኞች ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ፣ ከቆርቆሮ ባልዲ ሲያወጡ ማየት ያስደስታል፤ ቆርቆሮ የሚበየድበት አሲድ ግን ለባልዲ ነው እንጂ ለሬዲዮ አይደለም። ቀጭኑን ሽቦ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ካፓሲተሩን ያገኘሁት ስልክ ከሚጠግን ወጣት ፈንዲ ዘንድ ነው፤ እዚህ ባለሙያን እንዲህ ይሉታል። ማይክሮስኮፕ አለው፤ ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ አለው፤ ከዓይን ሽፋሽፍት የቀጠነ ነገር ይበይዳል። ከሥሩ ደግሞ የሞቱ ቴሌቪዥኖችና ኮምፒውተሮች አንጀት በጆንያ ተቀምጧል። የመርካቶ ምን አለሽ ተራ ሰው ቢያየው ወንድሜ ይለዋል። የግሩንዲጉን ጀርባ ስከፍትለት ዝም ብሎ አየ።

«ቦስ፣ እነዚህ ሁሉ አምፖሎች ምን ያደርጋሉ?»

ነገርኩት። ተደነቀ። እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠራኋቸው፤ አንገቱን ነቀነቀ። ስጨርስ፣ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ መሆኑን ባረጋገጠ ድምፅ፦

«እስቲ ሰካው፤ እንየው» አለ።

ሕጉ ቀላል ነው። አዲሱ ካፓሲተር ቮልቱ ከድሮው እኩል ወይም በላይ ይሁን፤ ለወረቀቶቹ ምትክ 630 ቮልት የፕላስቲክ ፊልም፣ ለማጣሪያዎቹ 400 ወይም 450 ቮልት ኤሌክትሮላይቲክ። የመያዝ አቅሙ፣ ማለትም ማይክሮፋራዱ፣ የተጻፈውን ይጠጋ፤ «ትልቅ ይሻላል» ብሎ እጥፍ ማድረግ ሬክቲፋየሩን ይጎዳል። የኤሌክትሮላይቲክ ፕላስና ማይነስ ከተገላበጠ ፍንዳታ ነው። ወደ መጨረሻው ቫልቭ፣ ማለትም ወደ ኢኤል84 ድምፅ የምታሻግረው ትንሿ ካፓሲተር ደግሞ በመጀመሪያ ትቀየር። እሷ ስታፈስ ድምፁ ይሻክራል፤ ቫልቩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ትራንስፎርመሩም ይከተላል።

ሁሉም ከመነካቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ። ከዚያ አንድ ይነቀላል፣ አንድ ይተካል፣ ይታያል። ሁሉንም በአንድ ማታ ነቅሎ ሳህን ላይ ያከማቸ ሰው አውቃለሁ። ቢጫው ሽቦ የት እንደነበር እስካሁን ይከራከራል፤ የሚከራከረው ከራሱ ጋር ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ለኛ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ግን አለመንካት ነው። ሬዲዮው ውስጥ ትናንሽ የብረት ሣጥኖች አሉ፤ አናታቸው ላይ በካቻቪቴ የሚዞር ነገር ይታያል። ፋብሪካው በመሣሪያ ለክቶ ያስተካከላቸው ናቸው። ጀማሪ ሲያያቸው ግን «ይሄ ላልቷል» ብሎ ያጠብቃል። ያልላላውን አጥብቆ ሬዲዮውን ያደነቁረዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ጽዳትም እንዲሁ ነው። እትዬ ንጽሕና ወዳድ ናቸው። ሬዲዮው ተከፍቶ ፊቱ ላይ ያለው መስታወት ወጥቶ ሳለ ዘወር ስል ሳሙና የነካ ጨርቅ አነሡ። በድሮ ሬዲዮ መስታወት ላይ የተጻፉት ከተሞች ከውስጥ በኩል የተቀቡ ቀለም ናቸው፤ ውሃና ሳሙና አይችሉም፤ አልኮልም አይችሉም። በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ብቻ ነው። እትዬ አንዴ ጠረግ ሲያደርጉት ሂልቨርሰምና ሉክሰምበርግ ወደ ጨርቁ ተሻገሩ። ቤሮምዩንስተር ግማሹ ቀረ።

«ምን ነበር እዚህ የተጻፈው?» አሉ።

«አውሮፓ።»

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው» አሉና ጨርቁን አጠቡት።

የመሞከሪያው ዕለት የደረሰው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ቅዳሜ ነበር። ወሬው ካባላጋላን አዳርሶ ቤቱ ሞላ። አንድ ጋሼ ከካንሳንጋ ሰፈር መጡ፤ ወጣት ሳሉ የጀርመን ድምፅን ያዳምጡ የነበረው እንዲህ ባለ ሬዲዮ ነው። የተቀመጡት ከፊት ነው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው።

የጃጃ አምፖል ቦግ አለ። ቤቱ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ደበዘዘ። ከውስጥ የቫልቮቹ ብርሃን ታየ፤ አረንጓዴዋ ዓይን ተገለጠች። ግማሽ ደቂቃ። ጋሼ አጭር ሞገዱን አስመረጡኝ። የመጣው ጩኸት ብቻ ነው፤ ጥርስ የሚፈጭ፣ የማያቋርጥ። ዛሬ ከተማን የሞላው የኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር በድሮ ሞገዶች ላይ ጫጫታ ይለቃል። ኪኩቦ በካርቶን የሸጠው ቁጠባ ሁሉ እዚህ ሬዲዮ ውስጥ ይጮኻል። እትዬ የቤቱን መብራት አጠፉ፤ ቻርጀሮች ተነቀሉ። ጩኸቱ ቀነሰ። የማይጮኸው አንድ አምፖል ያ ኤሌክትሪክ የሚበላው ብቻ ነበር።

ከአጭር ሞገዱ የሚገባ ቋንቋ ስላልመጣ ወደ ኤፍኤም ተሻገርን። እዚህም የድሮ የጀርመን ሬዲዮዎች ድንበር አላቸው፤ የብዙዎቹ ኤፍኤም 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያልቃል። ካምፓላ ላይ ሳንዩ ኤፍኤም 88.2ን፣ ካፒታል ኤፍኤም 91.3ን ይሰማሉ። አዲስ አበባ ቢሆኑ ኤፍኤም 97.1ንና ፋና 98.1ን ይሰሙ ነበር፤ ሸገር 102.1 ግን ከዓለማቸው ውጪ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሲሠሩ ዓለም እዚያ ድረስ ነበረች።

መርፌው ሲንቀሳቀስ ድንገት ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ከእንጨት የሚወጣ ድምፅ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ጋሼ እጃቸውን አነሡ፤ ዝም ተባለ። ሁላችንም ጆሯችንን አቀናን።

የቁማር ማስታወቂያ ነበር።

ጋሼ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ ኮፍያቸውን አጠለቁና «ድምፁ ግን የጀርመን ነው» አሉ። ከኋላ ያለው ወጣት ደግሞ ሳይዘገይ «እስቲ ጨምረው!» አለ። አንዱ ችኮላ ሲያበቃ ሌላው ይተካዋል።

ወደ መሠረቱ ስመለስ፣ የእነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ሥራ አንድ ነው። አምፖሉ ኤሌክትሪኩን ያዘገያል፤ ቴስተሩ እጅን ያዘገያል፤ ፎቶው ጭንቅላትን ያዘገያል፤ ኪስ የገባው እጅ ደግሞ የሰውየውን ሞት ያዘገያል። ጥገናው ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቂት እርሳስና ጥቂት ካፓሲተር ነው። ሬዲዮ በዕድሜ ሲሞት ብዙ አላየሁም፤ በሚወዱት ሰዎች ችኮላ ሲሞት ግን አይቻለሁ።

ቫልቭ የሌላችሁ፣ የአባት ትራንዚስተር ሬዲዮ ያላችሁም አትኩሩ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ ብዙ የአውሮፓ ሬዲዮዎች ውስጥ ኤኤፍ117 የሚባል ትራንዚስተር አለ፤ በቆርቆሮ ሽፋኑ ውስጥ ከጊዜ ብዛት የብረት ፀጉር ይበቅልና ሽፋኑን ከውስጡ እግሮች ጋር ያነካካል። አራት እግር አለው፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘውን አንዱን እግር መቁረጥ ብዙ ጊዜ ነፍስ ይዘራበታል። ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ በጥርሳችን ነክሰን አንድ ሳምንት የምናስረዝም ሕዝብ ነን፤ ሲያልቅ ግን እዚያው ውስጡ እንረሳዋለን። ድንጋዩ ያለቅሳል፤ ሽቦውን ይበላል። ዘመናዊው አልካላይን ያፈሰሰውን በአቸቶ ወይም በሎሚ ጠርጎ በደንብ ማድረቅ ይረዳል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ቆጡ ውጡ። ትራንዚስተር ከሆነ ባትሪ ድንጋዩን አውጡለት። ቫልቭ ከሆነ ገመዱን ጠቅልላችሁ ከሣጥኑ ጀርባ እሰሩት። እንግዳ የሚበዛበት ቤት ከሆነ ደግሞ አታመንቱ፣ ስፒናውን ቁረጡት። አዲስ ስፒና በየሱቁ ይገኛል፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ግን ኪኩቦም፣ ምን አለሽ ተራም ምትክ የለውም።